ከደረጃው ሥር፣ ሁለት ጊዜ ዱም

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ዝናቡ ጀመረ! ጃንጥላዬን ሱቅ ውስጥ መጋረጃ የምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ረስቼ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ኩሬ ኩሬውን እየመረጥኩ ገባሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አይታኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ለየልሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። ለየልኝ አልኳት። እስኪያመን ሳቅን።

ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ቤቱን ላስተዋውቀው። ቤታችን ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ላይ ነው፤ የሰፈሩ ውኃ ሁሉ እኛ ዘንድ ነው የሚያድረው። የታችኛው ክፍል ግማሹ መሬት ውስጥ ነው፣ በጓሮ በኩል ግን ደረጃ የሌለው በር አለው። ስለዚህ እማማ፣ የባሌ እናት፣ ግራ ጎናቸውን ካመማቸው ወዲህ እዚያ ነው የሚተኙት። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ ጠባብና ጠማማ ነው፤ እኔ ራሴ ዘንቢል ይዤ ስወጣበት ግድግዳውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከደረጃው ሥር ቁም ሣጥን የምታህል ጓዳ አለች፤ ውስጧ ጉድጓድ አለ። ከመሬት የሚሰርገው ውኃ እዚያ ይጠራቀማል፣ ፓምፕ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ፓምፖቹ ሁለት ናቸው፦ ትልቁ በመብራት የሚሠራ፣ ትንሹ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ። ባሌ ትንሹን «ተቀያሪው» ነበር የሚለው። እንደ ኳስ ተጫዋች ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፣ ትልቁ ሲጎዳ ይገባል።

እና ዛሬ ለእማማ እራት ሳቀርብ የተቀያሪው ሳጥን ጢጥ ጢጥ ይል ጀመር። ቀይ መብራትም ያበራል። ልቀርበው አልደፈርኩም። ትልቁ ፓምፕ ጮኸ፣ ውኃውን ገፋ፣ ቆመ። ሲቆም ዱም! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዱም።

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ገባ እንዴ?»

«አዎ፣ ገባ» አልኩ። አፌ ነው እንጂ እኔ አላልኩም።

«ጫማውን ዛሬም እንደ ድሮው ይወረውረዋል» አሉ። «በይ እንግዲህ፣ ከገባ እራትሽን ብዪ።»

በላሁ።

ሰኔ 10፣ ረቡዕ ማታ

ትናንት ያለፍኩትን ልጻፍ፣ ደብተር ላይ መዋሸት ምን ይባላል።

ባሌ ሞቷል። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊያልቅ ሲል፣ ሥራ ቦታው ላይ። ብየዳ ነበር ሥራው፣ ከፍታ ላይ። ሌላውን አልጽፈውም። በዚያው ሰሞን እማማ ሆስፒታል ነበሩ፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ «አሁን ብንነግራቸው እናጣቸዋለን፣ ሲበረቱ እንነግራቸዋለን» አለ። ሩቅ ሥራ ሄዷል ተባሉ። ከዚያ በረቱ፣ ቤት ገቡ፣ ማን ይንገር? እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው።

ባሌ በጓሮ በር ነበር የሚገባው። አፍንጫው ብረት የሆነውን ጫማውን ከደረጃው ሥር እያወለቀ ይወረውራል፦ አንደኛው ዱም፣ ክሩን እስኪፈታ ትንሽ ዝም፣ ሁለተኛው ዱም። እሱ ሳይገባ እኔ እራት አልበላም ነበር። ሳህኔን ይዤ ምድጃው አጠገብ እቆማለሁ። «ቁጭ ብለሽ ጠብቂ እንጂ፣ ዘበኛ ነሽ እንዴ?» ይለኛል።

ዛሬም በእራት ሰዓት ዱም ዱም አለ። ዛሬም «ገባ፣ ብዪ» አሉኝ። ድምፁ እኮ ቁርጥ እሱ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ «ጥሪልኝ» አለማለታቸው ነው። ደክሞታል ብለው ይሆናል።

ሰኔ 12፣ አርብ

ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ሰፈሩ በሙሉ «ቀላል-ነው» ነው የሚለው። ስልክ ላይ ገና «ጢጥ ጢጥ ይላል» ከማለቴ «ቀላል ነው!» አለኝ። የጎረቤቴንም የዕቃ ማጠቢያ ቀላል ነው ብሎ ሳምንት ሙሉ መታጠቢያ ቤት ድስት አሳጥቧታል።

የባትሪውን ክዳን ሲያነሣው ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው ሁለቱ ራሶች ነጭና አረንጓዴ ነገር አብቅለዋል፣ እንደ ሻጋታ።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ ባትሪው ቻርጅ ልቀበል ይላል፣ አፉ ተዘግቷል።»

«እኔ ጋ እየዋለ አፉ ይዘጋል? ጉድ ነው!»

«ከአንቺ ፊትማ ማን ተናግሮ» አለ፤ እማማ ከአልጋቸው ሆነው ሳቁ። እኔን «ሬዲዮ» ነው የሚሉኝ።

ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውኃ አስበጠበጠኝና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ካለ አምጪ አለ። ወጣሁ። ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ብሩሽ አለ። ሰማያዊው ፀጉሩ ተበልቶ ወደ ጎን ተኝቷል፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር። የእኔን ይዤ ወረድኩ።

«ይሄማ አዲስ ነው!»

«ጥሩ አድርጎ ይፈትግልሃል» አልኩት።

ፈተገው፣ ቅባት ቀባው፣ ገመዶቹን አጠበቀ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴው በራ። ጢጥታው ጸጥ። አጨበጨብኩለት። ዱም ዱሙን አልጠየቅኩትም፤ በዚያ ሰዓት ዝናብ ስላልነበረ አላሰማም።

ሰኔ 16፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ። ለሆቴል የሚሆን መጋረጃ ታዟል፣ ስቆርጥ ዋልኩ፣ አውራ ጣቴ ተልጧል። አረንጓዴ ነው። ዝናብ ነበር። ገባ። በላሁ። ደስ ብሎኛል።

ሰኔ 19፣ አርብ

ዛሬ ጠብ አላለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፣ ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎት ልብሱን አስጥቷል።

ዘገየ።

ፓምፑን ማለቴ ነው። ውኃ ሳይኖር ምን ሊገፋ! ሳህኔን ይዤ ቆሜ ቆሜ ምግቡ ቀዘቀዘና መለስኩት። እማማ ከታች «በላሽ?» አሉ። «በላሁ» አልኩ። ሆዴ እንኳ አልተራበም። ነገ ዝናብ አለ ብሏል ትንበያው።

ሰኔ 21፣ እሑድ

ዋርሳዬ መጣ፣ ሙዝ ይዞ። እሱ ሲመጣ ቤቱ ሞቅ ይላል። የባሌን ሰዓት ነው የሚያስረው፤ ወደ እማማ ሲወርድ የሸሚዙን እጅጌ ይጎትትበታል።

«እትዬ፣ ተቀያሪውን ፈትሸሽዋል?» አለኝ።

«አረንጓዴ ነው።»

«አረንጓዴ መሆን ብቻ አይደለም። ሲጠራ መግባት አለበት።»

የትልቁን ፓምፕ ሶኬት ነቀለና ባልዲ ውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ደፋ። ውኃው ወጣ፣ ወጣ፣ ተቀያሪው ዝም። ሌላ ባልዲ ደፋ። ዝም። አጎንብሶ በስልኩ መብራት ሲያይ፣ ውኃው ሲወጣ አብራ መነሣት ያለባት ተንሳፋፊዋ ኳስ በገመድ ተጠምዳ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ለካ ኳሷ ካልተነሣች ተቀያሪው ውኃ መኖሩንም አያውቅም! በመጥረጊያ እንጨት አላቀቃት። ወዲያው ድምፁን አሰማ። እኔ «ገባ! ተቀየረ!» ብዬ እንደ ኳስ ተመልካች ጮኽኩ። ዋርሳዬ ገመዱን በክር ወደ ጎን አሰረልኝ። ትንሽ አሠራው፣ እሰየው አለ፣ ሶኬቱን መለሰ።

እራት አብሮን በላ። ዝናቡ መጣ፣ ትልቁ ፓምፕ ሠርቶ ቆመ። ዱም። ዱም።

ዋርሳዬ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምንድን ነው?»

«ወንድምህ ነዋ» አሉ እማማ፣ እኔን እያዩ። «ጫማውን ነው። በይ አንቺ ብዪ።»

ኩሽና ውስጥ ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እስከ መቼ ነው እትዬ?»

«ሲበረቱ ያልከው አንተ!»

«እኔ ሩቅ ሄዷል ነው ያልኩት። በየማታው ይገባል አላልኩም።»

ሙዝ ላጥኩለት።

ሰኔ 24፣ ረቡዕ

ጎረቤቴ ቀን ቀን እማማን ብቅ እያለች ታይልኛለች። «ይሄ ፓምፓችሁ ዛሬ ሲደበድብ ዋለ» አለችኝ።

«እማማ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ዓይናቸውንም አልገለጡ። ስለ ቀሚስ እያወራን ነበር።»

ቀን አይሰሙትም ማለት ነው። ማታ ብቻ ነው የሚሰሙት። ሕመሙ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኔ 26፣ አርብ ማታ

ረዥም ቀን። ጠዋት መብራት ለጥቂት ጊዜ ሄዶ ተቀያሪው ገና መሥራት ከመጀመሩ ሳጥኑ «ባትሪ አለቀ» ብሎ ጮኸ። ቀላል-ነውን ጠራሁት። መለኪያውን ሰክቶ አየና ባትሪው ቻርጅ ይቀበላል ግን አይዝም፣ አርጅቷል አለ። ዋርሳዬ በምሳ ሰዓቱ አዲስ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። የድሮውን አውጥተው ጓሮ አስቀመጡት። ከኋላው ባሌ የገጠመበትን ቀን በቀለም ጽፎበታል። ፕላስቲክ አለበስኩት፣ ዝናብ እንዳይመታው። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ የሞተ ባትሪ ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል?

ዋርሳዬ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀላል-ነው ዕቃውን ሲሰበስብ ትልቁ ፓምፕ ሠርቶ ቆመ። ዱም። ዱም። ሰውዬው ጆሮውን አቀና። በስልኩ መብራት ጉድጓዱን አየ። ቆየ። ጠራኝ።

«ነይ እዪ። ዝናቡ ቆሟል አይደል? ውኃው ደግሞ ይወጣል። ከየት መጣ?»

«ከመሬት ነዋ።»

«ከመሬትማ እንዲህ አይሮጥም። አሁን የገፋነው ነው። ተመልሶ እየመጣ ነው።»

አሳየኝ። ወደ ላይ በሚሄደው ቧንቧ ላይ እንደ ትንሽ በር የሆነ ነገር አለ፤ ቼክ ቫልቭ ይሉታል። ውኃ ያሳልፋል፣ አይመልስም። የኛ ላስቲኩ አልቋል። ፓምፑ ሲቆም ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውኃ ቁልቁል ይወርድና በሯን ይደበድባታል፣ ትነጥርና እንደገና ትመታለች። ተዘግታም ታፈስሳለች።

«መብራት እያለ ችግር የለም፣ ትልቁ ደጋግሞ ይገፋዋል። መብራት ከሄደ ግን አዲሱ ባትሪሽ ያንኑ አንድ ውኃ ሲያወጣ ሲያስገባ ባዶውን ይቀራል። ዝናቡ ሳይቆም እሱ ይቆማል። መኪናዬ ውስጥ አዲስ ቫልቭ አለ። ቀላል ነው፣ አሁን ልቀይረው።»

«ሲቀየር ድምፁስ?»

«ጭጭ! እንቅልፍሽን ለጥ ትያለሽ።»

«ዛሬ እማማ ተኝተዋል፣ ሌላ ቀን» አልኩት።

እማማ አልተኙም ነበር፣ ሬዲዮ እየሰሙ ነበር፤ እውነተኛውን ሬዲዮ። ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀ። «አትቆዪ ታዲያ» አለና ቫልቩን ደረጃው ላይ ትቶልኝ ሄደ። ጡጫ ታህላለች፣ ነጭ፣ ንጹሕ። ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከፎጣዎቹ ሥር አስቀመጥኳት።

ለእማማ ብዬ ነው። ድምፁ ቢጠፋ «ዛሬስ አልገባም?» ይላሉ። ምን እላለሁ? ሰው ተስፋውን ከሚያጣ ቧንቧ ቢያፈስስ ይሻላል። ደግሞ ባትሪው አዲስ ነው። መብራትም እንደ ድሮው አይጠፋም። በሚቀጥለው ሳምንት አስቀይረዋለሁ።

ሰኔ 28፣ እሑድ

ዋርሳዬ ደወለ። «ሁሉም ተስተካከለ? ሰውዬው ቫልቭም ይቀየራል ብሎኝ ነበር።»

«ተስተካክሏል» አልኩ።

አዲስ ባትሪ ገብቷል፣ ኳሷ ተፈትታለች፣ ራሶቹ ተፈትገዋል። አብዛኛው ተስተካክሏል። ይህ ውሸት አይባልም።

ሐምሌ 3፣ አርብ

ሱቅ ውስጥ ከናሙና መጋረጃዎቹ ኋላ መሰላል ላይ ሆኜ ቀለበት እሰካ ነበር። ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ገቡ፣ አላዩኝም።

«እዚህ ነው አይደል የምትሠራው፣ ያቺ ሳቂታዋ?»

«ባሏ ከሞተ ወዲህ ጭራሽ ባሰባት። ሐዘንም የላትም እኮ።»

«ምን ታዝናለች! ማታ ማታ ታች ሆና ስታወራ ይሰማል። ሰው አግኝታ ይሆናል።»

«ባልቴቷን አጠገቧ አስተኝታ? ኧረ ተይ!»

ከመሰላሉ ወርጄ በፈገግታ «ምን ላሳያችሁ?» አልኳቸው። አንደኛዋ ክዳንዋ እንደ ተነሣ ማንቆርቆሪያ ተንተባተበች። ያበባ ዳንቴል ሸጥኩላቸው። እስከ ማታ ስስቅ ዋልኩ። እኔ ከማን ጋር አወራለሁ? ጉድ እኮ ነው።

ሐምሌ 7፣ ማክሰኞ ማታ

አዎ፣ አወራለሁ። እማማ ካሸለቡ በኋላ እራቴን ይዤ ታችኛው ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ፣ የጓዳዋን በር ገርበብ አድርጌ። እንዲህ ከማድረጌ በፊት ስንት ነገር ሳይነገር ይቀር ነበር! የሱቁን ወሬ፣ የጎረቤቴን፣ የእናቱን ጤና። ፓምፑ ሲሠራ ዝም እላለሁ፣ ድምፁ ስለሚበልጠኝ። ሲቆም ዱም። ዱም። ከዚያ እቀጥላለሁ። እሱም እንዲሁ ነበር፣ ጫማውን እስኪያወልቅ «ቆይ ልግባ» ይለኝ ነበር።

ዛሬ ሁለተኛው ዱም ሳይሰማ ቀረ። አንዱ ብቻ። ጠበቅሁ። ሳህኑን ስንት ሰዓት እንደያዝኩ አላውቅም፣ ክንዴ ደነዘዘ። ቀጥሎ ሲሠራ ሁለቱም መጡ። እፎይ።

ከዚያ ራሴን ሰደብኩ። ያቺ ቫልቭ ነገ ትቀየር። ነገ።

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

አልደወልኩም። የሆቴሉ መጋረጃ አስቸኩሎኝ ነው።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

እማማ ላይ ናቸው። አልጋዬ ላይ። ደህና ናቸው። የቀረውን ነገ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

ልጻፈው።

ትናንት ከምሳ በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ዝናብ አላየሁም፣ ከሱቁ መስተዋት ባሻገር መንገዱ አይታይም። መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ መሄዱን ሰማሁ፣ የእኛም በኩል ጭምር። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ይጻፍ፦ ተቀያሪው አለ። ሁለተኛ ያሰብኩት መሳቢያው ነው። ሁለተኛውን ገፋሁት። አንዲት ደንበኛ ስለ ዳንቴል ትከራከረኝ ነበር፣ እኔም ተከራከርኳት፣ ቀለድኩባት፣ ሳቀች፣ ዝናቡም አላቆመም። ለጎረቤቴ ስደውል ቀሚስ ልታስለካ ከቤት ወጥታ ዝናቡ ይዟት ኖሯል።

«ታዲያ እማማ ጋ ማን አለ?» አለችኝ።

እንዴት እንደ ሮጥኩ አላውቅም። መቀሱን በእጄ ይዤ ነበር፣ በር ላይ ስደርስ ነው ያየሁት።

የጓሮውን በር ስገፋው አልከፈት አለ። በትከሻዬ መታሁት። ውኃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። የእማማ ነጠላ ጫማ ይንሳፈፋል፣ ትራሳቸው ይንሳፈፋል፣ ጢጥታ እንኳ የለም፣ ሳጥኑ ጨልሟል። ፍራሹ ውኃ ጠጥቷል። እማማ በደህናው እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨምድደው፣ ራሳቸውን ከግድግዳው አስጠግተው ቁጭ ብለዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«መጣሽ?» አሉ። «ጫማሽን እንዳታወልቂ፣ ውኃው ይቀዘቅዛል።»

አዘልኳቸው። እንደ ሕፃን። አንድ እጃቸው አንገቴን ያዘ፣ ሌላው ተንጠልጥሎ ጎኔን ይመታኛል። ያ ጠማማ ደረጃ! መታጠፊያው ላይ ተቀረቀርን። ወደ ኋላ ብወድቅ ሁለታችንም እዚያ ውኃ ውስጥ ነን። ጎረቤቴ ደረሰች፣ ምንም ሳትናገር ከታች ገፋችን። ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተዘርግተን እንደ ዓሣ አፋችንን ከፈትን። እማማ መጀመሪያ የተናገሩት «ሬዲዮዬ ታች ቀረ» ነው። ጎረቤቴ የሳቀችው ሳቅ! እኔ አልሳቅሁም። የትኛውን ሬዲዮ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሐኪም መጥቶ አየ። ሳንባቸው ደህና ነው። «ትንሽ ቢቆዩ ግን…» አለ። አልጨረሰውም።

ሐምሌ 13፣ ሰኞ

መብራት ተመልሷል፣ ትልቁ ፓምፕ ክፍሉን አድርቋል፣ ጭቃው ቀርቷል። ቀላል-ነውና ዋርሳዬ አብረው ወረዱ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

«ባትሪው አዲስ፣ ኳሷ ደህና፣ ምን ሆኖ ነው?» አለ ዋርሳዬ።

«ቫልቩ ነዋ! አላስቀየረችም እኮ። ውኃውን ሲያመላልስ ጨረሰ።»

«ተስተካክሏል ብላኛለች።»

ዋርሳዬ ወደ እኔ ቀና አለ። ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ፎጣዎቹን አነሣሁ፣ ነጯን ነገር አመጣሁ። ቀላል-ነው ተቀበለኝ። ይቺን ሥራ ቀላል ነው አላላትም።

ዋርሳዬ ጓሮ ወስዶ አቆመኝ። ይጮኻል ብዬ ነበር።

«እትዬ፣ እናቴ ነበረች እኮ ታች።»

ስለ ቫልቩ ያለው ይኸው ብቻ ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ ስለ ወንድሜ እነግራታለሁ፣ ከዚህ በኋላ አንዋሽም አለ። እሺ አልኩ። ከዚያ ታች መጋዝ ተሰማ፤ የድሮዋን ቆርጠው ሲያወጡ።

ሞከሩት። ፓምፑ ሠራ። ቆመ።

ምንም።

ሐምሌ 13፣ ማታ

እራት አቀረብኩ። እማማ አልጋዬ ላይ፣ በባሌ በኩል። መብላት ያስቸግራቸዋል፣ ቀስ እያልኩ አጎረስኳቸው። ውጭ ያካፋል። ታች ፓምፑ ሲነሣ ይሰማል፣ ሲገፋ ይሰማል፣ ሲቆም…

የእኔን ሳህን ይዤ ቆምኩ። አሁን «አልገባም?» ይሉኛል ብዬ፣ አንድ ቃል እንኳ ከአፌ አልወጣ አለ።

«ሬዲዮ» አሉ፣ «ዛሬ ጣቢያው ተዘጋ እንዴ?»

«አዲስ ቫልቭ ገባለት፣ እማማ። ድምፁ…»

«ሰማሁ። አለመስማቴን ሰማሁ። ፓምፕ መሆኑን እኮ ጎረቤትሽ ገና ዝናቡ ሲጀምር ነግራኛለች።»

«ታዲያ ገባ የሚሉት?»

«ካልገባ አትበይማ! ከሆስፒታል ስመለስ ቀሚስሽ እንደ ድንኳን ሰፍቶሽ አገኘሁሽ። ማታ ማታ ከታች ሆኜ እሰማሻለሁ፤ ሳህን ታወጫለሽ፣ ትቆሚያለሽ፣ ሳህን ትመልሻለሽ። በላሽ ስልሽ በላሁ። ስንት ወር! ከዚያ ያ ነገር ዱም አለ። ገባ አልኩሽ፣ በላሽ። በነጋታውም በላሽ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሳህኑን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ልጅዎን…» አልኩ።

«ወንድሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ሩቅ ሥራ ሄዷል ሲለኝ ሰዓቱን አስሮ ነበር። ባልሽ ሰዓቱን ለማን ፈትቶ ያውቃል? ለእኔስ ሰጥቶኝ ያውቃል?» ደህናውን እጃቸውን አልጋው ላይ መታ መታ አደረጉ፣ ቁጭ በይ ለማለት። «ልነግራችሁ ነበር። ከዚያ ስትስቂ አይሽና፣ ሲበረቱ እነግራቸዋለሁ እላለሁ።»

ተቀመጥኩ። ዝናቡ ያካፋል። ታች ፓምፑ እንደገና ተነሣ፣ ገፋ፣ ቆመ። ሁለታችንም አዳመጥን።

«በይ ብዪ» አሉኝ። «ማንም ሳይገባ ብዪ።»

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ዋርሳዬ ጠዋት ሊነግራቸው መጣ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ እጅጌውን እስከ ጣቱ ጎትቶ። ገና አፉን ሳይከፍት «ሰዓቱ ደህና ይሄዳል?» አሉት። አልጋው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ ኩሽና ገባሁ። ብዙ ቆየሁ። ሳለቅስ ማንም የማይሰማኝ መስሎኝ ነበር፤ ጎረቤቴ ከማዶ ሰምታ መጣች።

ከምሳ በኋላ ቀላል-ነው የባትሪውን ራሶች ጭቃ ሊያጸዳ ተመለሰ።

«እህቴ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አይጠፋም መቼም?»

ወጣሁ። ሰማያዊውን ይዤ ወረድኩ።

«ይሄ ነው እንጂ ብሩሽ ማለት!» አለና መፈተግ ጀመረ።